የገጣጣሚው ዓይን

ጀሊል ባጃጅ ሲገጣጥም ሰው ቆሞ ቢያየው ደስ ይለዋል። ሌላ ሰው ሲታይ ማየት ግን አይሆንለትም። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚሁ ነው።

ሮቤ ውስጥ፣ ወደ ጎባ በሚወስደው አስፋልት ዳር የሐጂ መሀመድአወል መገጣጠሚያ ግቢ አለ። ሐጂ የጊኒር ሰው ናቸው፤ በከብት ንግድ ጀምረው፣ በጎማ ሱቅ አልፈው፣ ባጃጅ ላይ የደረሱ። ባጃጆቹ በሳጥን ተበትነው በአይሱዙ ይመጣሉ፤ ጎማው ለብቻ፣ ሞተሩ ለብቻ፣ መሪው ለብቻ። ቦዲው ብቻ ተበይዶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኖ ይወርዳል። ለምን ተገጣጥመው አይመጡም ለሚል ሐጂ መልሳቸው ዝግጁ ነው።

«ተገጣጥሞ የመጣ ቀረጡ ወገብ ይቆርጣል። ተበትኖ ለመጣ ይቀልላል። በቃ፣ የተሰፋ ልብስ ከማስመጣት ብትን ጨርቅ አምጥቶ እዚሁ ማሰፋት ማለት ነው።»

በዚህ አነጋገር ሰፊው ጀሊል ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚያ ግቢ የወጣች ባጃጅ ሁሉ በእሱ እጅ አልፋለች። በሥሩ ሦስት ሰዎች ብሎን ያጠብቃሉ፤ እሱ ሽቦውን ይዘረጋል፣ ሞተሩን ያስነሳል፣ በመጨረሻም «ዙር» ይወጣል።

ዙር ማለት አዲሷን ባጃጅ እስከ አደባባዩ ነድቶ መመለስ ነው። ለሙከራ ነው ይባላል። ለሙከራ ግን ፀጉር አይበጠርም። ጀሊል ዙር ከመውጣቱ በፊት እጁን በኦሞ ይታጠባል፤ ፀጉሩን በውሃ ያስተኛል፤ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ጡሩምባውን ሁለቴ ይነፋል። ሚስቱ ዙቤዳ ብቅ ትልና እጇን ታነሣለታለች። ጎረቤቱም በየበሩ ብቅ ይላል፤ ካላለም ጀሊል ሦስተኛ ይነፋል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከጉምሩክ አንድ ደብዳቤ መጣ። የሐጂ ጸሐፊ ወሰንየለሽ ሠራተኛው በተሰበሰበበት ቆማ አነበበችው። ቦዲው ተበይዶና ተቀብቶ የመጣ ከእንግዲህ እንደ ሙሉ ተሽከርካሪ ይቆጠራል፤ የቀረጥ ቅናሽ የሚያገኘው ላሜራው ብቻ ተቆርጦ የመጣ፣ ብየዳውም ቀለሙም አገር ውስጥ የሚሠራ ነው፤ መርማሪ መጥቶ አይቶ ያረጋግጣል።

«በአማርኛ ንገሪን እንጂ፣ ልጄ» አሉ ሐጂ።

«በአማርኛ እኮ ነው የተጻፈው፣ ሐጂ።»

«እንግዲያው በሰው አማርኛ።»

ወሰንየለሽ አሰበችና፣ «ብትን ጨርቅ እያሉ ነው አይደል የሚያስረዱት? እስከ ዛሬ ለካ ኮቱ ተሰፍቶ ነበር የሚመጣው፤ እኛ ቁልፉን ብቻ ነበር የምንተክለው። አሁን ኮቱንም ራሳችሁ ስፉ ነው የሚሉት» አለች።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጀሊል አልሳቀም። ሦስት ዓመት ሰፊ ነኝ ሲል ኖሮ በአንድ ጠዋት ቁልፍ ተካይ ሆኖ ተገኘ።

ሐጂ በዚያው ቀን ሦስቱን ብሎን አጥባቂዎች ጠርተው፣ «ምርመራው እስኪያልፍ ሥራ የለም። ኢንሻአላህ ካለፍን ትመለሳላችሁ። ካላለፍን ግቢውን እዘጋለሁ፤ ጀሊልም ይከተላችኋል» አሏቸው። ሦስቱም ወጥተው ከግቢው ፊት ለፊት ካለው የድንጋይ አጥር ላይ ተቀመጡ። ከዚያም ቀን ከቀን እዚያው ነበሩ፤ ሥራው ባይኖርም የሥራ ሰዓት ያከብራሉ።

በማግስቱ ባዳሳ መጣ።

ባዳሳ የጎባ በያጅ ነው። የስንዴ አጨዳ ሲደርስ የተሰበረ ኮምባይነር ይበይዳል፤ አጨዳው ሲያልፍ የአይሱዙ ካሶኒና የግቢ በር ይሠራል። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሐምሌም ሆነ ጥር ከራሱ ላይ የሱፍ ቆብ የማይወርድ ሰው። ለሥራ ሮቤ መጥቶ በግቢው ደጅ በእግሩ ሲያልፍ ጀሊል «ጥላሸት! ዛሬስ ፊትህን ታጠብክ?» እያለ ይጫወትበት ነበር። ባዳሳ ፈገግ ብሎ ያልፋል። አሁን ያ ጥላሸት በግቢው በር ገባና ሐጂ ከወንበራቸው ተነሥተው ጨበጡት። ለጀሊል ተነሥተውለት አያውቁም።

ከዚያ በኋላ ጀሊል የማያየው ነገር አልነበረም። ሻይ ሲመጣ መጀመሪያ ለባዳሳ ይቀዳል። ሐጂ ለባዳሳ አዲስ የብየዳ መነጽር ገዙ፤ ጀሊል ካቻቢቴው ጫፉ ስለተበላ አዲስ እንዲገዙለት ሁለት ወር እየለመነ ነው። ሰዎች ለሱ የሚሉትን «እንዴት አደርክ፣ ኢንጂነር» አሁን ለባዳሳ ይሉታል። ይሄ ሁሉ ይቻል ነበር። ያልተቻለው የዙቤዳ ነው።

ምሳ ይዛለት መጥታ፣ ባዳሳ በይዶ ያወጣውን የመጀመሪያ የጎን ላሜራ አየች። ጠጋ ብላ፣ «ማሻአላህ! የዚህ ሰውዬ እጅ እንዴት ያለ ነው?» አለች።

«ገና አልተቀባም እኮ» አለ ጀሊል።

«ሳይቀባ ነው ያማረው።»

«ደግሞ ጠርዙን ተመልከቺው፣ ጠማማ ነው።»

ዙቤዳ ጠርዙን ተመለከተች፤ ቀጥሎ ባሏን፤ በልጃቸው ስም ጠራችው። «አባ ሰሚያ፣ የሰው ሥራ አይቶ ማሻአላህ አለማለት ጥሩ አይደለም። ዓይን ይሆንበታል።»

«ብዬዋለሁ።»

«መቼ?»

«በሆዴ።»

በሆዱ ግን የነበረው ሌላ ነው። ብየዳው ቢሰነጠቅ ብሎ ይመኛል። ወዲያው ደግሞ ብየዳው ከተሰነጠቀ ከጉምሩክ የምትመጣው መርማሪ አታልፈውም፤ ካላለፈ ግቢው ይዘጋል፤ ግቢው ከተዘጋ እሱም ከአጥሩ ላይ አራተኛ ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ ምኞቱን መልሶ ይውጣል። እንዲህ ያለ ቅናት አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሚቀናበት ሰው እንዳይወድቅ ዱዓ የሚያደርግበት!

አንድ መውጫ ታየው። ብየዳውን ራሱ ቢያውቀውስ? ምርመራው ካለፈ በኋላ ሐጂን ጠጋ ብሎ፣ «ይሄንን ለምን ለጎባ ሰው እንሰጣለን? እኔ እሠራዋለሁ» ይላል። ብሎን ማጥበቅ ያወቀ እጅ ላሜራ ማያያዝ ያቅተዋል? ዘዴውን ማየት ብቻ ነው የሚቀረው። ችግሩ ባዳሳ አያሳይም። በመጣ በመጀመሪያው ቀን የሚበይድበትን ጥግ በቆርቆሮ ዙሪያውን አጥሮት፣ «ወደዚህ እንዳታዩ» ብሎ ነበር።

«ሙያውን ሊደብቅ ነው» አለ ጀሊል ለራሱ። «ቀናተኛ!»

ምርመራው ነገ ሊሆን ዛሬ ጠዋት፣ ባዳሳ የባጃጇን አፍንጫ ሊበይድ ገባ። ከሁሉም የሚያስቸግረው እሱ ነው፤ ሁለት ላሜራ ጎብጦ የሚገናኝበት ቦታ። ጀሊል ዕቃ ፍለጋ መስሎ ከቆርቆሮው ጀርባ ዞረ። አንድ ሚስማር የወለቀበት ቀዳዳ አገኘ። ተጎንብሶ ዓይኑን ሰካ።

ውስጥ ሰማያዊ መብረቅ ነበር። ዓይኑ ሲያለቅስበት ይቀይራል፤ ግራው ሲደክም ቀኙን፣ ቀኙ ሲደክም ግራውን። የባዳሳ እጅ እንዴት እንደሚሄድ፣ የት ላይ ቆም እንደሚል ቆጠረ። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆየ። ሲጨርስ ወገቡን ይዞ ቀና አለና፣ «ይቺው ናት?» አለ።

ከሰዓት በኋላ ባዳሳ ቦዲውን በፓምፕ ሰማያዊ ቀለም ረጨው። ጀሊል ቆሞ አየ፤ ዓይኑ ትንሽ ይቆረቁረው ነበር።

ከመግሪብ በኋላ ግን በዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተዘራበት መሰለ። መብራቱን አስጠፋ። እንባው እንደ ምንጭ ይወርዳል። ዙቤዳ በባትሪ አብርታ አየችውና ደነገጠች፤ ሁለቱም ዓይኑ ደም መስሏል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«አቧራ።»

«የምን አቧራ? ሰው ዓይኑ እንዲህ የሚቀላው ሲቀና ነው ሲሉ ወሬ ይመስለኝ ነበር» አለችው፤ እየቀለደችም እያዘነችም።

ጠዋት ዓይኑን መግለጥ አልቻለም። መርማሪዋ በሦስት ሰዓት ትመጣለች፤ ባጃጇ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስትገጠም ማየት አለብኝ ብላለች። ጀሊል በነጠላ ዓይኑን ሸፍኖ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ሳለ የግቢያቸው በር ተንኳኳ።

«አካም ቡልቴ፣ ሃዳ ሰሚያ» አለ የባዳሳ ድምፅ ዙቤዳን፤ የሰሚያ እናት፣ እንደምን አደርሽ ማለቱ ነው። «አባ ሰሚያ የት ቀረ? ሐጂ ግቢውን እየዞሩ ነው።»

ጀሊል መሬት ብትከፈትለት ይገባ ነበር። ባዳሳ ገባ፤ ተንበረከከ፤ ነጠላውን ቀስ አድርጎ ገለጠ።

«አቧራ ነው» አለ ጀሊል ቶሎ ብሎ።

 ሃያ ዓመት የበየደ ሰው ይህን ዓይን እንደ ደብዳቤ ያነበዋል። «ይሄ አቧራ» አለ ባዳሳ፣ «የኔ እሳት ነው። በየት በኩል ነው ያየኸኝ?»

ዙቤዳ የውሃውን ሳህን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቀረች። ጀሊል ነጠላውን መልሶ ፊቱ ላይ ሳበ።

«በሚስማሩ ቀዳዳ።»

«በስንት ዓይንህ?»

«አንዱ ሲደክም በአንዱ።»

ከዙቤዳ በኩል አንድ ድምፅ መጣ። ጀሊል ሳል ነው ብሎ ሊያምን ሞከረ።

«ቆርቆሮውን ለምን ያጠርኩት መስሎህ ነው?» አለ ባዳሳ።

«ሙያህን ልትደብቅ።»

«አንተ ሰው! ዓይናችሁን ልጠብቅላችሁ ነው እንጂ። ብትጠይቀኝ መነጽር ሰጥቼህ አጠገቤ አቆምህ ነበር።» ወደ ዙቤዳ ዞረ። «ድንች አለሽ?»

ባሌ ውስጥ ድንች የሌለው ቤት ማን አለ? ዙቤዳ ስስ አድርጋ ቆረጠችለት፤ ባዳሳ በያንዳንዱ ዓይን ላይ አንድ አንድ ክብ ድንች አስቀምጦ በሻሽ አሰረው። ቀዝቃዛው እስከ ማጅራቱ ተሰማው። ከዚያ ባዳሳ እጁን ያዘና ይመራው ጀመር። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ እንደሚያያቸው ጀሊል ያውቃል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ባያየኝ ብሎ ተመኘ።

«እኔም እኮ አይቼሃለሁ» አለ ባዳሳ እየሄዱ።

«በምን ቀዳዳ?»

«ያለ ቀዳዳ። አደባባዩ ላይ። ፀጉርህን አስተኝተህ፣ ጡሩምባህን እየነፋህ ስታልፍ። የብየዳ ዕቃዬን ተሸክሜ አንተ ያስነሣኸው አቧራ ውስጥ እቆማለሁ። ሦስት ዓመት። ይሄ ሁሉ መኪና በእጄ አልፎ እኔ አንድም ቀን ነድቼ አላውቅም። ሰው እንዳይስቅብኝ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ስትመጣ ሳይ ሆዴ ይቃጠል ነበር፣ ወላሂ።»

ጀሊል ሰው ሲቀናበት እንዲህ ደስ እንደሚል አያውቅም ነበር። ዓይኑ ትንሽ የቀዘቀዘ መሰለው፤ ድንቹ ይሆናል።

ግቢው ሲደርሱ ሐጂ ጮኹ። «ያ አላህ! ይሄ ደግሞ ምን ሆነ?»

ባዳሳ ቀደመው። «ትናንት ብየዳ ሲያግዘኝ ነው የተመታው፣ ሐጂ።»

ጀሊል ጥርሱን ነከሰ። ይሄ ሰውዬ በደግነትም ሊበልጠኝ ነው እንዴ?

መርማሪዋ መጣች። ድምፅዋ የወጣት ነው፤ ጫማዋ ጠጠሩ ላይ ይሰማል። ብየዳውን በመዶሻ ኳ ኳ እያደረገች፣ ከውስጥ ከውጭ እያየች ዞረች። በመጨረሻ፣ «ብየዳው ጥሩ ነው። ግጥሙን ደግሞ ልይ» አለች። «ዓይኑ የታሰረው ነው የሚገጥመው?»

«እጁ ያያል» አለ ባዳሳ።

ጀሊል ቦዲውን ለመያዝ እጁን ዘረጋ፤ ያገኘው አፍንጫውን ነው። በጣቱ መገናኛውን ፈለገ። ሁለቱ ላሜራ የተጋጠመበትን መስመር ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ፈለገው። የለም። እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስላሳ ነው። ያ ሁሉ በቀዳዳ የቆጠረው፣ ያ «ይቺው ናት?» ያለው፣ በጣቱ ሥር ምንም ሳይሆን ቀረ።

«ማሻአላህ» አለ። አፉ ነው ያለው፤ እሱ አልፈቀደም።

«ምን አልክ?» አለ ባዳሳ።

«ፒንሳ አቀብለኝ።»

ጎማው፣ ሞተሩ፣ መሪው በእጁ ልክ ገቡ። ብሎኑንና ዳዶውን ሲነካ ቁጥሩን ያውቀዋል። የከበደው ሽቦው ነው፤ ሽቦ በቀለም እንጂ በመዳሰስ አይታወቅም። ባዳሳ አጠገቡ ተንበርክኮ እያየ ይነግረዋል።

«ይሄ ዲማ ነው።»

«ቀዩ ይሁን። ቀጥል።»

«ይሄ ጉራቻ።»

«ይሄኛውስ?»

«እሱም ጉራቻ።»

«ሁለት ጥቁር የለም! አንዱ ሰማያዊ መሆን አለበት።»

«ሰማያዊም ቢሆን የጨለመ ነው። ጉራቻ ነው።»

«ባዳሳ፣ ልጆቼን አታስርብ! የቱ ነው ሰማይ የሚመስለው?»

«የየት አገር ሰማይ? የጎባ ከሆነ ሁለቱም።»

መርማሪዋ ሳቀች። ጀሊል በግምት አያያዘውና ቁልፉን አዙሮ የፍሬቻውን ማብሪያ ነካ። ፍሬቻ ሊበራ ሲገባው ጡሩምባው ጮኸ። ከድንጋዩ አጥር ላይ ሦስቱ ሰዎች «ኧረ!» አሉ። ጀሊል ሁለቱን ሽቦዎች አቀያየረ፤ አሁን ጡሩምባው ዝም አለ፤ ፍሬቻው ጨክ ጨክ ማለቱን በጆሮው ሰማ። ሞተሩን አስነሣው። ተነሣ።

«ስትሄድ ልያትና እፈርማለሁ» አለች መርማሪዋ።

ዙር! ጀሊል ቀና አለ፤ ከዚያ ዓይኑ ላይ ያለው ድንች ትዝ አለው።

ሐጂ ወደ አጥሩ ተጣሩ። «ከናንተ አንዳችሁ ኑና አዙሯት!»

ሦስቱም ሲዘሉ የጫማቸው ድምፅ ተሰማ። በጀሊል ሥር ብሎን ሲያጠብቁ የኖሩት ሰዎች የእሱን ዙር ሊወጡ ነው፤ ከነሱ አንዱ በእሱ በር አልፎ ጡሩምባ ሊነፋ ነው። 

«አይሆንም!» አለ። «የምትነዳው በባዳሳ ነው። እሱ ነው የበየዳት።»

 ሰው ሁሉ ይህን ታላቅነት አደነቀ። እውነቱን ለመናገር ጀሊል መንዳት ከሚችሉት ይልቅ የማይችለውን መምረጡ ነበር፤ ይህን ግን ማንም አልጠየቀው።

«እኔ እኮ አልችልም» አለ ባዳሳ በሹክሹክታ።

«አንተ ዓይን ሁን። ፍሪሲዮኑን እኔ እይዛለሁ። ነዳጁና ፍሬኑ ያንተ ነው። ፍሬኑ ከእግርህ ሥር ነው፤ ሌላ ምንም አትርገጥ።»

በአንድ ወንበር ላይ ሁለት ሆነው ተጣብቀው ተቀመጡ። ጀሊል በግራ እጁ ማርሹን አስገባ። ባጃጇ እንደ ፍየል አንድ ጊዜ ዘለለች፣ ቆመች፣ ዳግመኛ ተነሣች፣ ሄደች። ግቢውን አንድ ዞሩ። መርማሪዋ፣ «ይበቃል» አለች፤ ባዳሳ ግን አልሰማም። በበሩ ወጣ!

«ወዴት ነው?» አለ ጀሊል።

«እኔ እንጃ!» አለ ባዳሳ፣ እየሳቀ። ባዳሳ ድምፅ አውጥቶ ሲስቅ ጀሊል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ያኔ ነው።

አስፋልቱ ላይ ነፋስ ፊታቸውን መታው። ከመንገዱ ዳር «ባዳሳ! ባዳሳ ነዳ!» የሚል ጩኸት መጣ። ጭብጨባ ተከተለ። ጀሊል አንድ ሰው «ጀሊል» እስኪል ጆሮውን ሰጠ፤ ማንም አላለም። በዳቦው ሽታ፣ ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ ካለው ከራሱ ቤት በር ላይ መድረሳቸውን አወቀ። እጁ በልማዱ ወደ ጡሩምባው ሄደ፤ የባዳሳ ጣት ግን ቀድሞ እዚያ ነበር። ሁለቴ ተነፋ።

እልልታ ተሰማ። የዙቤዳ ነው፤ ከሺህ እልልታ መሐል ይለየዋል። ሦስት ዓመት እጇን ብቻ ነበር የምታነሣለት፤ እልል ብላለት አታውቅም።

ምርመራው አለፈ። ሦስቱ ሰዎች ከአጥሩ ወርደው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ጀሊልም እንደ ድሮው የገጣጣሚዎቹ አለቃ ሆኖ ቀረ፤ ሐጂ ራሳቸው ናቸው በሰው ፊት ያሉት። እሱ ግን ለሁለት ቀን ድንቹን አስሮ ቤቱ ሲተኛ ሌላ ነገር ነበር የሚያላምጠው። በሁለተኛው ቀን አልቻለም።

«ለማን ነው እልል ያልሽው?»

«መቼ?»

«ታውቂዋለሽ መቼ።»

«ለባጃጇ» አለች ዙቤዳ፣ ድንቹን እየቀየረችለት።

«ባጃጇ ውስጥ ሁለት ሰው ነበር።»

«እንግዲያው ተካፈሉት።»

በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ተገልጦ ሥራ ገባ። ባዳሳ ገና አልመጣም ነበር። እግሩ ሳያዘው ወደ ቆርቆሮው ጀርባ ወሰደው። ቀዳዳው በላሜራ ቁራጭ ተደፍኗል። አጠገቡ ሚስማር ተመትቶ አንድ የብየዳ መነጽር ተንጠልጥሏል፤ ማሰሪያው ላይ በጠመኔ «ጀሊል» ተብሎ ተጽፏል። ና፣ ገብተህ አጠገቤ ቁም ማለቱ ነው።

ጀሊል አወረደውና አገላበጠው።  ወደ ብርሃኑ አነሣው፤ ዓይኑ ላይ አደረገ፤ አወለቀ፤ እንደገና በቅርብ ተመለከተው።

መስታወቱ ተጭሯል። ያ የጥንቱ፣ የኮምባይነር ዘመን መነጽር ነው።

«አዲሱን» አለ ጀሊል ለራሱ፣ «ለራሱ አስቀርቷል።»